የባድሚንተን ሕግ፦ ጠይቁ፣ አሰልጣኙ ይመልሳል

አሰልጣኝ፦ ዛሬ ጊዜ አለኝ። ስለ ሕጉ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ራኬት የት ይሸጣል ለምትሉ ግን መልስ የለኝም።

ጀማሪዋ፦ ሰላም አሰልጣኝ። ጨዋታው በስንት ያልቃል?

አሰልጣኝ፦ አንድ ጌም (ዙር) በ21 ነጥብ። ከሦስቱ ጌሞች ሁለቱን የወሰደ አሸነፈ። 20 እኩል ከሆናችሁ የሁለት ነጥብ ልዩነት ያስፈልጋል። 29 እኩል ከደረሳችሁ ግን 30ን የቀደመ ጨረሰ።

የዱባዩ፦ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ነው የምጫወተው፣ ሕንዶች ናቸው። ሰርቭ (የማስጀመሪያውን ምት) ባደረግኩ ቁጥር «ፎልት!» (ጥፋት) ይሉኛል። ምን አጠፋሁ?

አሰልጣኝ፦ ይሄን ነው ስጠብቅ የነበረው! ዘጠና በመቶ ጥፋቱ ከፍታ ነው ብዬ እገምታለሁ። ራኬትህ ላባዋን፣ ማለትም የምንጫወትባትን ባለ ላባ ኳስ፣ በሚመታበት ቅጽበት፣ ላባዋ በሙሉ ከመሬት ከ1.15 ሜትር በታች መሆን አለባት። ድሮ መለኪያው ወገብ ነበር። የማን ወገብ የት ላይ እንደሚያልቅ ዳኛና ተጫዋች ሲጨቃጨቁ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ቁጥር ተቆረጠለት። አጭር ሰው ተመቸው። 1.94 ሜትር ለሚረዝመው ለዴንማርኩ ተጫዋች ለቪክቶር አክሰልሰን ግን 1.15 ዝቅ ያለ ነው። ቀጥሎ እግርህን ተመልከት። ሁለቱም እግሮችህ መሬት ይዘው ይቁሙ፣ መስመር እንዳትረግጥ። እየተራመዱ ሰርቭ የለም። ሦስተኛ፣ ቀድመህ የምትመታው የኳሷን ጫፍ፣ ቡሹን ነው፤ ላባዎቹን አይደለም። ራኬትህ አንዴ ወደፊት ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ቆም ብሎ ማታለል የለም። ግድግዳ ላይ 1.15 ለካና ፕላስተር ለጥፍ። አጠገቡ ቆመህ ሰርቭ አድርግ፣ ጓደኛህ ከጎን በስልክ ይቅረጽህ። ራስህ ታየዋለህ።

ቴኒስ ወዳድ፦ ይሄ ሁሉ ሕግ ለልጆች ጨዋታ? ጉልበት ያለው ቴኒስ ላይ ነው።

የግቢው ልጅ፦ ጉልበት? ሕንዳዊው የባድሚንተን ተጫዋች ሳትዊክሳይራጅ ራንኪሬዲ እ.ኤ.አ. በ2023 ላባዋን በሰዓት 565 ኪሎ ሜትር መቷታል። የጊነስ ክብረ ወሰን ነው። ቴኒስህ ግማሹም አይደርስ።

ቴኒስ ወዳድ፦ እሱ ለሙከራ የተደረገ ነው፣ ጨዋታ ላይ አይደለም። ደሞ ላባ ወዲያው ትቀዘቅዛለች።

የግቢው ልጅ፦ እስቲ ፊትህ ላይ ትምጣና ትቀዝቅዝልህ!

አሰልጣኝ፦ ሁለታችሁም ወደ ውስጥ መስመር ሂዱና እዚያ ተጨቃጨቁ። ሕግ ላይ ነን።

የልጆች እናት፦ ልጆቼ መስመር ላይ ያረፈችው ውስጥ ናት ውጭ ናት ብለው ይጣላሉ።

አሰልጣኝ፦ ውስጥ ናት። አለቀ።

ጀማሪዋ፦ ሰርቩ መረብ ነክቶ ቢያልፍ ይደገማል አይደል?

አሰልጣኝ፦ የሚደገመው ቴኒስ ላይ ነው። እዚህ ትክክለኛው ቦታ ካረፈች ጨዋታው ይቀጥላል።

ጥንዶቹ፦ በጥንድ ስንጫወት ማን ሰርቭ እንደሚያደርግ ግራ ገባን።

አሰልጣኝ፦ ነጥባችሁን እዩ። ለሁለት የሚካፈል ከሆነ ከቀኝ፣ ጎዶሎ ከሆነ ከግራ። ዜሮ ከቀኝ ነው። ሰርቭ አድርጋችሁ ነጥብ ካገኛችሁ ያው ሰው ከጓደኛው ጋር ቦታ ተቀያይሮ ይቀጥላል። ተቀባዮቹ ቦታቸውን አይለቁም። ነጥቡን ካጣችሁ ሰርቩም ነጥቡም ወደነሱ ሄደ። «ሁለተኛው ሰው ይሞክር» የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2006 ቀርቷል። ደሞ በጥንድ ሰርቭ ጊዜ የኋላው መስመር 76 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። ረዥም ሰርቭ የለመዳችሁ ተጠንቀቁ።

አዲስ ገቢ፦ ሰርቭ ከወገብ በላይ ይቻላል?

አሰልጣኝ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ያለውን አንብብ። 1.15። ወገብህን እርሳው።

አዲስ ገቢ፦ እሺ። ጎበዝ ለመሆንስ ምን ላድርግ?

አሰልጣኝ፦ ጥያቄ ስጠኝ እንጂ ምኞት አትስጠኝ።

የዱባዩ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። መረብ ዳር ስመታ ራኬቴ ወደነሱ በኩል ይሻገራል። ፎልት ነው?

አሰልጣኝ፦ በራስህ በኩል እያለች መተሃት ራኬቱ ተከትሏት ቢሻገር ችግር የለም። ተሻግረህ ከመታሃት ፎልት ነው። መረቡን ከነካህም ነጥቡ የነሱ ነው።

የግቢው ልጅ፦ ሸሚዜ ብቻ ቢነካስ?

አሰልጣኝ፦ ሸሚዝህም ያው ነው። አስገባው።