መልስ፦ ድንገተኛ ክፍል ሞልቶ ሳለ ከወረቀት ካርድ ወደ ኮምፒውተር መዞር

ዶክተር፣ «ድንገተኛ ክፍላችን እስከ ኮሪደሩ ሞልቷል፤ በዚህ ላይ ካርዱን ወደ ኮምፒውተር አዙሩ ተባልን፤ ከየት ልጀምር?» ብለዋል። ከአልጋው ይጀምሩ። ድንገተኛው የሚጨናነቀው ብዙ ጊዜ ዋርድ (ታካሚ ተኝቶ የሚታከምበት ክፍል) ላይ አልጋ ስለማይለቀቅ ነው። በቀን 20 ታካሚ ገብቶ እያንዳንዱ 6 ቀን ቢተኛ 120 አልጋ ይያዛል፤ ቆይታው 5 ቀን ቢሆን 20 አልጋ ተረፈ ማለት ነው።

ጠዋት 2:00 ላይ የነርሶች ኃላፊዋ (ሜትሮኗ) እና የየዋርዱ ኃላፊዎች ለ15 ደቂቃ ቆመው ይነጋገሩ፦ ዛሬ ማን ይወጣል? ምን ያዘው? ብዙውን ጊዜ የሚይዘው በሽታው አይደለም። ያልተጻፈ የመውጫ ማጠቃለያ፣ ያልመጣ የላብራቶሪ ውጤት፣ ያልተዘጋ ሒሳብ ነው። ማጠቃለያው በዋዜማው ይጻፍ። ድንገተኛ ክፍል ከ24 ሰዓት በላይ የቆየ ካለ በአልጋ ቁጥሩ ይነሳ፣ ኃላፊነት የሚወስድ ሐኪምም እዚያው ይመደብለት።

ኮምፒውተሩን በካርድ ክፍልና በአንድ ተመላላሽ ክፍል ይጀምሩ፤ ድንገተኛው መጨረሻ ይሁን። በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ቀጠሮ ይቀንሱ፣ ሐኪሙ እየጻፈ መዘግየቱ አይቀርም። መብራት ሲጠፋ የሚሞላ የወረቀት ቅጽ በየክፍሉ ይኑር፤ መብራት ሲመጣ ማን እንደሚያስገባውም አስቀድመው ይወስኑ። አለዚያ የመድኃኒት ትዕዛዙ ግማሹ ወረቀት ላይ፣ ግማሹ ኮምፒውተር ላይ ይቀራል፤ አንድ መርፌ ሁለቴ የሚሰጠው ያኔ ነው።