«ጥንታዊ ነው» ስንት ያወጣል?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ከግለሰብ እጅ ስለሚገዙ አሮጌ የብረት ሥራ ማሽኖች፣ በተለይም ብረት እያሽከረከረ ስለሚቆርጠው ቶርኖ፣ ናቸው። አራቱን መርጬ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ አንድ ሰው የእንግሊዝ ሥሪት ቶርኖ ሊሸጥልኝ ነው። «ጥንታዊ ነው፤ እንዲህ ያለ ማሽን ዛሬ አይሠራም» ብሎ 400,000 ብር ጠየቀኝ። አዲስ ቀለም ተቀብቶ በጣም ያምራል። ዋጋው ተገቢ ነው?

መልስ፦ ዕድሜውንም ቀለሙንም ለጊዜው ይርሷቸው። ቶርኖ ዋጋ የሚኖረው ክቡን ክብ፣ ቀጥ ያለውን ቀጥ አድርጎ መቁረጥ እስከቻለ ድረስ ነው። ይህን የሚነግርዎት ደግሞ መቁረጫው የሚመላለስበት ሐዲድ ነው።

መቁረጫውን የያዘውን ተንሸራታች ወደ ማንድሪኖው (ብረቱን በመንጋጋ ይዞ ወደሚያዞረው ክፍል) አስጠግተው ማጥበቂያውን ትንሽ ያዝ እስኪያደርግ ድረስ ያጥብቁት። ከዚያ መዘውሩን እያዞሩ ወደ ኋላኛው ጫፍ ይውሰዱት። እስከ መጨረሻው እኩል ከሄደ ደስ ይበልዎት። እየከበደ መጥቶ ከቆመ ግን ሐዲዱ ማንድሪኖው አጠገብ ተበልቷል ማለት ነው። አብዛኛው ሥራ የሚሠራው እዚያ ስለሆነ ቀድሞ የሚያልቀውም እዚያው ነው። ሞተር ይቀየራል፣ ቺንጋ ይገዛል፤ የተበላ ሐዲድን ማስተካከል ግን ትልቅ መሞረጃ ማሽንና የተካነ እጅ ስለሚጠይቅ ብዙ ጊዜ ከቶርኖው ዋጋ በላይ ያስወጣል።

ቀጥሎ ክዳኑን ከፍተው ጊሮቹን አንድ በአንድ ይመልከቱ። ማንድሪኖው አልፈታ ሲላቸው ጊሩን ቆልፈው በጉልበት የሚታገሉ ሰዎች አሉ፤ ጥርሱ የሚረግፈው ያን ጊዜ ነው። በመጨረሻም አንድ መዳፍ የሚያህል ርዝመት ያለው ብረት አስረው ስስ አድርገው ያስቆርጡና የሁለቱ ጫፎች ውፍረት እኩል መሆኑን በማይክሮሜትር ይለኩ። ሻጩ «አሁን መብራት የለም» ካለ መብራት ሲመጣ ይመለሱ። ሲሠራ ያላዩትን ማሽን እንደማይሠራ ቆጥረው ዋጋ ይስጡት።

ስለ ቀለሙ ይህን ያህል የምናገረው ስለተቃጠልኩ ነው። ከዓመታት በፊት አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ የሚያብረቀርቅ ቶርኖ ገዛሁ። ቤት አድርሼ በነጭ ጋዝ ሳጥበው እግሩ ላይ በብየዳ የተያያዘ ስንጥቅ ብቅ አለ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ይኸው ዓይነት ማሽን ሙሉ ሆኖ፣ እየሠራ፣ በከተማዎ ስንት እንደሚሸጥ ሁለት ሦስት ቶርኖ ቤት ገብተው ይጠይቁ። ከዚያ ላይ የጎደለውን ሁሉ ይቀንሱ፦ ባለ 4 መንጋጋው ማንድሪኖ፣ ተቀያያሪ ጊሮች፣ የሞተር ጥገና፣ ግቢዎ ባለ 3 ፌዝ የመብራት መስመር ከሌለው የእሱ ወጪ፣ ክሬንና ጭነት መኪና። 400,000ው ከዚህ ቀሪ በታች ከሆነ ይክፈሉ፤ በላይ ከሆነ ግን ልዩነቱን የሚከፍሉት «ጥንታዊ» ለሚለው ቃል ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። በ1942 እ.ኤ.አ. የተሠራ ሳውዝ ቤንድ የተባለ የአሜሪካ ቶርኖ፣ 9 ኢንች፣ ሞዴል ሲ፣ በ1,800 ዶላር ቀርቦልኛል። ተቀያያሪ ጊሮቹ ከነማስቀመጫ ሣጥናቸው ጠፍተዋል። ወደ ኢትዮጵያ ልልከው አስቤአለሁ።

መልስ፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን መሠራቱ ታሪክ አለው፤ ብርቅ ግን አያደርገውም፣ በብዛት የተመረተ ማሽን ነው። ይህ ባለ 9 ኢንች በሦስት ሞዴል ወጥቷል። ኤው ጊር በእጀታ የሚቀያየርበት ፈጣን የጊር ሣጥንም፣ ወደ ጎን በራሱ የሚቆርጥበት ኃይልም አለው። ቢው የጎን ኃይሉ ብቻ ሲኖረው፣ ሲው ሁለቱም የሉትም። በሲ ላይ የብሎን ጥርስ የሚወጣው ጊሮቹን በእጅ እየቀያየሩ ስለሆነ፣ ያለ እነሱ የቶርኖውን ግማሽ ሥራ አጥተዋል። እኔ ብሆን ከተጠየቀው ግማሽ በታች ነው የምጀምረው።

መላኩን ካሰቡበት ሁለት ነገር ይወቁ። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ፣ የእኛ 50 ነው፤ ቮልቴጁ ቢስተካከል እንኳ ያው ሞተር እዚህ በ17 በመቶ ገደማ ዝግ ብሎ ይዞራል። ማሽኑም የተሠራው ለኢንች ነው። 1 ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ በትክክል ወደ ሚሊ ሜትር ለመቀየር ባለ 127 ጥርስ ጊር ያስፈልጋል። እዚያው ፈልገው አብረው ይላኩት።

ጥያቄ፦ አባታችን ካረፉ ሁለት ዓመት ሆነ። ቶርኗቸውና ትልቅ ሞርሳቸው ግቢ ውስጥ ዝገዋል። ቁራሌው በኪሎ ልውሰደው ይለናል።

መልስ፦ ነፍሳቸውን ይማር። እባካችሁ አትስጡት። የኪሎው ዋጋ ከዚያ በታች የማትወርዱበት ወለል እንጂ የማሽኑ ዋጋ አይደለም። ምናለሽ ተራ ያሉ እጀ ብልሆች ከላሜራ ምድጃ፣ ከበርሜል ባልዲ ያወጣሉ፤ በመዶሻ የተሰባበረን ቶርኖ ግን ማንም መልሶ ቶርኖ አያደርገውም።

ዝገቱም አያስደንግጣችሁ። በዘይትና በብረት ሱፍ ታሽቶ ከለቀቀ ላይ ላዩን ነው። ሐዲዱ ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ ከሠራ ግን ዋጋ ይቀንሳል። ከሁሉ በፊት የአባታችሁን ቆርቆሮዎችና ሣጥኖች ሰብስቡ። ጊር፣ ቁልፍ፣ ቁጥር የተመታባቸው የማንድሪኖ መንጋጋዎች ይኖራሉ፤ ለየብቻ ሲታዩ ቁርጥራጭ ይመስላሉ፣ ከማሽኑ ጋር ሲሆኑ ግን ዋጋውን የሚያቆሙት እነሱ ናቸው። ከዚያ የአባታችሁን የሙያ ጓደኞች ጠርታችሁ አሳዩአቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሻጩ አዛውንት ባለሙያ ናቸው። ዋጋ ቀንሱ ብላቸው ማሽናቸውን የናቅሁባቸው እንዳይመስላቸው ፈራሁ።

መልስ፦ እንከን እየቆጠሩ አይከራከሯቸው። በራሳቸው እጅ አንድ ብረት እንዲቆርጡልዎት ይለምኗቸው፤ ዘይት የት የት እንደሚያጠጡት፣ የትኛው ጊር እንደሚያስቸግር ጠይቀው ይጻፉ። ስለ ገንዘቡ ሲነሳ የእርስዎን ወጪ ይንገሯቸው፤ ክሬኑን፣ መስመር ማስገባቱን፣ የሚገዙትን ማንድሪኖ። ዕድሜ ልኩን በቶርኖ የኖረ ሰው ይህን ሒሳብ ያውቀዋል። ከተስማሙ ደግሞ የሚጭኑበትን ቀን እሳቸው ባሉበት ያድርጉት፤ ገመዱ የት ታስሮ እንደሚነሳ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።