ሜዳው በማን ስም ነው? የመናፈሻና የሜዳ ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ስለ ደሴ መናፈሻዎች ጥቂት ነገር ጽፌ «ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ» ብዬ ነበር። ላካችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከደሴም ከኮምቦልቻም መጣ። አንዳንዱ በድምፅ፣ አንዳንዱ በፎቶ፣ አንዱ ደግሞ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ተጽፎ በሰው እጅ ደረሰኝ። እሱን መጨረሻ ላይ አቆይቼዋለሁ። ከቀሩት ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ ስድስት መርጫለሁ።

«ሰላም ጋሼ፣ ከኮምቦልቻ ነን። ከልጅነታችን ጀምሮ ኳስ የምንጫወትበት ሜዳ ላይ ባለፈው ሳምንት ሰዎች መጥተው ችካል ተከሉ። ስንጠይቅ አንዱ ለባለሀብት ተሰጥቷል ይላል፣ ሌላው ገና ነው ይላል። ለማን አቤት እንበል?»

ወንድሞቼ፣ ንዴታችሁ ገብቶኛል። ግን ችካሉን እንዳትነቅሉት። ችካል የተነቀለ ቀን ወሬው ስለ ሜዳው መሆኑ ይቀርና ስለ ነቃዩ ይሆናል። ሜዳው ይረሳል፣ እናንተ ፖሊስ ጣቢያ ትመላለሳላችሁ። ይልቅ ፎቶ አንሱት፣ ቀኑንም ጻፉ።

ከዚያ ከተማ አስተዳደሩ ጋ ሄዳችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህ ቦታ በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ላይ ምን ተብሎ ተቀምጧል? መዋቅራዊ ፕላን በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት የሚወጣና ለ10 ዓመት የሚያገለግል ሰነድ ነው። የቱ ለመኖሪያ፣ የቱ ለፋብሪካ፣ የቱ ለመንገድ፣ የቱ ለአረንጓዴና ለስፖርት እንደሆነ እዚያ ካርታ ላይ ተለይቶ ይታያል። ቦታችሁ «የስፖርት ማዘውተሪያ» ወይም «አረንጓዴ ቦታ» ከተባለ ጠንካራ ማስረጃ አላችሁ። ያን ቦታ ለሌላ ነገር ለማዋል ፕላኑ ራሱ በሥርዓቱ መሻሻል አለበት እንጂ አንድ ኃላፊ ጠረጴዛው ላይ በፊርማ የሚጨርሰው ጉዳይ አይደለም። አዋጁም ነዋሪው በፕላን ሥራ እንዲሳተፍና አሠራሩ ግልጽ እንዲሆን ይላል።

ብዙ ሜዳ የሚበላው ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። ስፖርቱን የሚመራው ክፍል «ሜዳ ነው» ይላል፣ መሬቱን የሚያስተዳድረው ክፍል መዝገብ ላይ ደግሞ ያው ቦታ «ክፍት ቦታ» ነው። ይዞታ ማረጋገጫ ካርታ የለውም፣ በማንም ስም አልተመዘገበም። አባቶቻችሁ 40 ዓመት ተጫውተውበት ይሆናል፣ መዝገቡ ግን ያንን አያውቅም። ክፍት ቦታ የተባለ ደግሞ መሬት የፈለገ ሁሉ ያየዋል። ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ ሜዳው በማን ስም ነው ያለው? በማንም ካልሆነ በስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ስም ካርታ ይውጣለት ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

ይህን ሁሉ በቃል አትጨርሱት። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ የእናንተ ቅጂ ላይ ቀንና ቁጥር አስጽፉ። መልስ ካጣችሁ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ እሱም ካልመለሰ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ይፈርሙ፣ የሴቶች ዕድርም ይፈርም፣ እናንተ ብቻ «የኳስ ልጆች» ሆናችሁ አትቅረቡ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ነች። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህማ ሥራ ፍለጋ የሚመጣው ወጣት ብዙ ነው። ፋብሪካ ይምጣ፣ ደስ ይለናል። ግን ሳምንቱን ሙሉ ማሽን ፊት ቆማ የዋለች ልጅ እሑድ የምትወጣበት ሜዳ ካጣች የቀራት የተከራየቻት አንድ ክፍል ናት። ሜዳ ለሠራተኛ ከተማ ትርፍ ነገር አይደለም። ፕላኑ አልቆ ቦታው በእርግጥ ለሌላ ከተሰጠም ምትክ ሜዳ ጠይቁ፣ ያውም በእግር የሚደረስበት።

«አሰላሙ አለይኩም። እኔ የሦስት ልጆች እናት ነኝ፣ ደሴ። በአቅራቢያችን ያለ መናፈሻ በር ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ ይከፈላል። ዘበኛው ዋጋውን ሲፈልግ ይጨምራል። የሕዝብ መናፈሻ ይከፈልበታል እንዴ?»

ወአለይኩም ሰላም እህቴ። ሊከፈልበት ይችላል፣ ግን ዘበኛው እንደፈለገ አይደለም። የከተማ መናፈሻ በሦስት መንገድ ይያዛል። ከተማው ራሱ ሠራተኛ ቀጥሮ ያስተዳድረዋል፣ ወይም ለተደራጁ ወጣቶች በውል ይሰጣል፣ ወይም ባለሀብት ይከራየዋል። በሦስቱም መሬቱ የከተማው ነው። ክፍያ ካለ የጸደቀ ታሪፍ አለው፣ ታሪፉ በር ላይ ይለጠፋል፣ ለተከፈለው ደረሰኝ ይቆረጣል። ደረሰኝ የሌለው ብር መናፈሻውን አያጸዳም፣ አበባም አያጠጣም።

እኔም አንድ መናፈሻ በር ላይ ከፍዬ ደረሰኝ ስጠይቅ «አልቋል» ተብያለሁ። ገባሁ፣ ሽንት ቤቱ ተቆልፏል። ያን ቀን በጣም ነው የተናደድኩት፣ ምክንያቱም ከኋላዬ የቆመች አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ ዋጋውን ሰምታ ተመለሰች።

ስለዚህ ውሉን ጠይቁ። መናፈሻ በውል ሲሰጥ የምናየው ኪራዩ ስንት ነው የሚለውን ብቻ ነው። መታየት ያለበት ሌላ ነው። ሕፃን በነፃ ይገባል ወይ? በሳምንት ስንት ሰዓት ለሁሉም ክፍት ይሆናል? ሽንት ቤቱን ማን ያጸዳል? ምን ያህሉ ቦታ ለካፌ ወንበር፣ ምን ያህሉ ለሣር ነው? ውሉን የማያከብር ምን ይደረጋል? አንዳንዱ መናፈሻ ላይ ወንበሩ ከዓመት ዓመት እየሰፋ ሄዶ ቡና ሳያዝ የሚቀመጥ ሰው እንደ ሌባ ይታያል። ይህ የወጣቶቹ ጥፋት ብቻ አይደለም፣ እነሱም እንጀራ ነው የሚፈልጉት። ውሉን ጽፎ ከሰጠ በኋላ ተመልሶ ያላየው አካል ነው ዋናው ተጠያቂ።

«በየክረምቱ እንተክላለን፣ በጥር ሄደን ስናይ ደርቋል። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ልፋቱ ያሳዝነኛል።»

እኔንም ጋሼ። አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረበት ከ2011 ጀምሮ ጉድጓድ መቆፈር ለምደናል፣ ማጠጣት ግን አልለመድንም። ችግኝ የሚሞተው በሐምሌ አይደለም። ከጥቅምት በኋላ ዝናቡ ሲቆም፣ በልጉ እስኪደርስ ባሉት ወራት ነው። በልጉ ደግሞ አንዳንድ ዓመት ይቀራል። ለዚያ ጊዜ ውሃ የሚያደርስ ሰው በስም መመደብ አለበት። ተከላው በጀት አለው፣ ካሜራም አለው፣ ማጠጣቱ ሁለቱም የለውም። ተማሪዎችዎ ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸውና ይጥሯቸው፣ ለእያንዳንዱ ዕድር ሃያ ችግኝ ይሰጥ፣ ፍየል እንዳይገባም በእሾህ ይታጠር።

ደሴ ላይ ዛፍ ለጥላ ብቻ አይደለም የሚፈለገው። በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት፣ የመሬት መንሸራተት ታውቃለች። ዳገቱ ላይ ወይራና ጥድ ስር ሰዶ ማየት ለሁላችን ደኅንነት ነው። ባህር ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግ ይመረጣል፣ ለማገዶና ለአጠና ይሆናል፣ መናፈሻ ውስጥ ግን አልመክረውም። ሥሩ ውሃ ይሻማል፣ ከሥሩም ሣር አይወጣም።

«በየጠዋቱ ዱብ ዱብ የምንል ሴቶች ነን። አስፋልት ላይ ነው የምንሮጠው፣ ባጃጅ ሊገጨን ምንም አይቀረው። ከተማው ለስፖርት የሚመድበው ለወንዶች ኳስ ብቻ ነው?»

እህቶቼ፣ ጥያቄያችሁ ልክ ነው፣ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው የሚሆነው። ስፖርት ሲባል ክለብ ይታሰባል፣ ክለብ ሲባል የወንድ እግር ኳስ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ሲል ወንድና ሴት አይለይም።

ሁለት ነገር እመክራለሁ። አንደኛው ሰዓት ነው። ደሴ ሜዳማ መሬት የላትም፣ ያለውን በሰዓት መካፈል ግድ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል የአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ወይም ሜዳ ለሴቶች ይሰጥ ብላችሁ በስም ዝርዝር ጠይቁ። ርእሰ መምህሩ የሚፈራው ንብረት እንዳይጠፋ ነው፣ ኃላፊነት የምትወስዱ ሦስት ሴቶችን ጻፉለት። ሁለተኛው መንገድ ነው። በ2011 በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በወሩ የመጨረሻ እሑድ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ሕዝቡ ስፖርት ይሠራ ነበር። ፒያሳን ባይሆን አንድ አጭር መንገድ ለሁለት ሰዓት መዝጋት ብዙ ብር አይጠይቅም።

ጊዜውንም አትርሱ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። በሰኔ «ለሴቶች ስፖርት በጀት ያዙልን» ብላችሁ ብትሄዱ ዕቅዱ አልቆ ነው የምትደርሱት። ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ሂዱ፣ የምክር ቤት ተመራጫችሁንም ያኔ ያዙት።

«ልጄ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምትሄደው። የታደሰ መናፈሻ አለ ብለውን ሄድን፣ በሩ ላይ አምስት ደረጃ። ተሸክሜ አስገባኋት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ አፈረች።»

ይህን መልእክት ሳነብ ቆሜ ነበር፣ ተቀመጥኩ።

አባቷ፣ ማፈር የነበረበት ሌላ ሰው ነው። የሀገራችን የሕንፃ አዋጅ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱም የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው ያዛል። መናፈሻው ውስጥ ያለው ካፌና ሽንት ቤት ሕንፃ ነው። ሀገራችን በ2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ መዝናኛና ስፖርትን በስም ይጠቅሳል። መፍትሔው ውድ አይደለም። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ልክ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር የሚረዝም ተዳፋት ነው። አምስቱ ደረጃዎች እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆኑ 75 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ፣ ስለዚህ 9 ሜትር ተዳፋት ይበቃል፣ ከጎኑ መደገፊያ ብረት ይኑረው። ለሚመለከተው ክፍል ይህን ስሌት ጽፈው ከፎቶው ጋር ያስገቡ። ቅጂውን ለእኔም ይላኩልኝ፣ እከታተለዋለሁ።

«መናፈሻ ውስጥ ሠርግ ስንቀርጽ የካሜራ ተብሎ ይከፈላል ወይ?»

ታሪፉ ላይ ካለ አዎ፣ ከሌለ አይከፈልም። ደረሰኝ ጠይቁ። ሣሩ ላይ መኪና እንዳታስገቡ ብቻ አደራ።

አሁን ያቺ የደብተር ወረቀት። ሙሉዋን ልጻፋት።

«ስሜን አትጻፈው። 5ኛ ክፍል ነኝ። ሰፈራችን መጫወቻ የለም። ወጣት ማዕከሉ ልጅ አይገባም ይላል። ፑልና ቴኒስ አለ ግን ለትልልቅ ነው። መንገድ ላይ ስንጫወት ይቆጡናል። የት እንጫወት?»

አብሽሪ ልጄ፣ ወይም አብሽር፣ ወንድ ሁን ሴት ሁኚ ወረቀቱ አይናገርም። መጫወት መብትህ ነው፣ መብትሽም ነው። ሀገራችን የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 ላይ ልጅ የማረፍና የመጫወት መብት እንዳለው ተጽፏል። የወጣት ማዕከል በስሙ ለወጣት ነው፣ ግን ቅዳሜ ጠዋት ብዙ ጊዜ ባዶ ይሆናል። ሁለት ሰዓት ለልጆች ቢከፈት፣ አንድ ትልቅ ሰው ቢጠብቃቸው፣ ገመድና ኳስ ቢኖር ለጊዜው ይበቃል።

ይህን ትልቅ ሰው ሄዶ መጠየቅ አለበት፣ ልጅ አይደለም። ሰኞ ጠዋት ወረቀቷን ይዤ እሄዳለሁ፣ የሚሉኝንም እዚሁ እጽፋለሁ። ከሰፈሩ አብሮኝ የሚሄድ ወላጅ ካለ 3 ሰዓት ላይ ማዕከሉ በር እንገናኝ።