ልጄ ቀብር ላይ አላለቀሰም፣ ጌም ላይ ግን ያለቅሳል

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በድንገት ካረፈ ስምንት ወሩ ነው። የ15 ዓመቱ ልጃችን ቀብር ላይ እንኳ እንባ አልወጣውም። አሁን ማታ ማታ «ስፒሪትፌረር» የሚባል የሙታን ጌም ላይ ተጥዶ ያመሻል። ሰሞኑን ለእህቱ «እንቁራሪቱ ሳይሰናበተኝ ሄደ» ብሏት በሩን ዘግቶ ሲያለቅስ ሰማሁት። ዘመዶች «መንፈስ ይዞት ነው፣ ጌሙን አጥፊበት» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ጸሎቱን ይቀጥሉ፣ ጌሙን ግን አያጥፉበት።

ጌሙን አውቀዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 ካናዳ ሞንትሪያል ያለ ተንደር ሎተስ የተባለ ድርጅት ነው ያወጣው። መገዳደል የለበትም። ስቴላ የምትባል ልጅ የሟቾችን ነፍስ በመርከቧ ታሳፍራለች። በእንስሳ መልክ ነው የሚታዩት። ቤት ትሠራላቸዋለች፣ የሚወዱትን ምግብ ታበስልላቸዋለች፣ ታቅፋቸዋለች። ጊዜያቸው ሲደርስ በትንሽ ጀልባ እስከ መጨረሻው በር ትሸኛቸውና እዚያ ይሰነባበታሉ።

እንቁራሪቱ አቱል ግን እንደዚያ አይሄድም። ምግብ ወዳድ፣ ሳቂታ፣ ሁሉም ቤት የሚወደድ አጎት ዓይነት ነው። አንድ ቀን ሲነጋ የለም። በሩ ጋ አልደረሰም፣ ቻው አላለም። ቤቱ ብቻ መርከቡ ላይ ይቀራል።

ልጅዎ ለማን እንዳለቀሰ አሁን የገባዎት ይመስለኛል።

ለቅሶ ቤት ምን እንደተባለ መገመት አያቅተኝም። «አይዞህ፣ ወንድ ነህ፣ ከእንግዲህ አባወራው አንተ ነህ፣ እናትህን አጽናና።» ከፍቅር የሚባል ነው። የ15 ዓመት ልጅ ግን ይህን ሲሰማ እንባውን ይውጣል። እርስዎን እድርተኛው ከቦ አስለቅሶዎታል፣ አጽናንቶዎታል። እሱ ሰው ሲያስተናግድ፣ ወንበር ሲያነሳ ነው ድንኳኑ የተነቀለው። ማልቀሻ ቦታ ያገኘው ዘግይቶ ነው።

ቀን ከጓደኞቹ ጋር ሲስቅ ውሎ ማታ ቢያለቅስም አይደንግጡ። ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 እንደጻፉት፣ ሐዘንተኛ ወደ ሐዘኑ ይገባል፣ ወጥቶ ወደ ኑሮው ይመለሳል፣ ደግሞ ይገባል። ይህ መመላለስ ጤናማ ነው።

ዛሬ ማታ ሻይ ይዘው አጠገቡ ይቀመጡ። «ይሄኛው ማነው? ምን መብላት ይወዳል?» ብለው ይጠይቁት። ወደ አባቱ ለመውሰድ አይቸኩሉ። እሱ ራሱ የእንቁራሪቱን ነገር ሲያነሳ «አባትህም ሳይሰናበተን ነው የሄደው፣ እኔንም ያንገበግበኛል» ይበሉት። እንባ ከመጣብዎት አይደብቁት። እናቱ ስታለቅስ ካየ እሱም ይፈቀድለታል።

የእንቅልፍ ሰዓቱን ግን ተነጋግራችሁ ወስኑ፤ ትምህርት አለበት። ምግብ ከተወ፣ ከጓደኞቹ ከራቀ፣ ትምህርት ቤት መሄድ ካቆመ ወደ ባለሙያ ይውሰዱት። «አባቴ ጋ ብሄድ ይሻለኛል» የሚል ነገር ከተናገረ ደግሞ «ራስህን ልትጎዳ ታስባለህ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁት። መጠየቅዎ ሐሳቡን አያመጣበትም። አዎ ካለ ብቻውን አይተዉት፤ በዚያው ቀን አማኑኤል ሆስፒታል ወይም በቅርብ ያለ ሐኪም ጋ ይዘውት ይሂዱ።

አራት ወር ቆይቶ ሙት ዓመቱ ይመጣል። ያን ቀን ወንበር እንዲያነሳ አይላኩት። የትኛው ፎቶ እንደሚወጣ፣ ስለ አባቱ ምን እንደሚባል እሱ ይምረጥ። መናገር ከፈለገም ዘመድ ሁሉ ቁጭ ብሎ ይስማው።