ሊማሊሞ ላይ ፔዳሉ ለምን ላላ?

ጥያቄ፦ በናፍታ ሃይስ እንግዶች ጭኜ ከባሕር ዳር ደባርቅ ሄድኩ። ሊማሊሞን ወደ ዛሪማ ስወርድ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ ወዲያው የፍሬኑ ፔዳል እየላላ እስከ ወለሉ ገባ። ደጋግሜ ስረግጠው ነው የያዘልኝ። ግማሽ ሰዓት አቁሜ ስነሳ ደህና ሆነ። ጋራዥ የፊቱን የፍሬን ሸራ ቀየሩልኝ። አሁን ሰሜን ተራሮች፣ እስከ ጨነቅ ልወጣ ነው፤ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም ወንድሜ። የነገርከኝ ምልክት የፍሬን ዘይት መፍላት ነው። ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናው አልቆም ቢልህ ኖሮ ሸራው ግሏል ወይም ሰርቮው (የእግርህን ጉልበት የሚያግዘው የፍሬን አጋዥ) አይሠራም እልህ ነበር። ላልቶ ወለል ከነካ ግን የፍሬን ዘይቱ መስመር ውስጥ እንፋሎት አለ። ዘይት አይታመቅም፣ እንፋሎት ይታመቃል፤ ጉልበትህ እዚያ ያልቃል። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ፈሳሽ ስለሚሆን ፔዳሉ ይመለሳል፣ ጋራዥም ምንም አያገኝም።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 እና ዶት 4 የፍሬን ዘይት ደረጃዎች ናቸው። አዲስ ዶት 3 ሳይፈላ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ይችላል፤ ውሃ ሲጠጣ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ደግሞ 230 እና 155 ነው። እንደ እኛ ጣና ዳር ለሚውል መኪና 2 ዓመት የሞላው ዘይት መውጣት አለበት፤ መልኩ ንጹሕ ቢመስልም።

ሙቀቱን ደግሞ አትናቀው። 3 ቶን ገደማ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 80 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ሊማሊሞ ቁልቁለቱ ከዚያ ይበልጣል። ሞተሩ ካልያዘልህ ይህ ሁሉ የፊት ፍሬን ዲስክና የኋላ ፍሬን ታምቡር ላይ ነው የሚያርፈው።

አንድ ሊትር የታሸገ ዶት 4 ግዛ፤ ተከፍቶ የቆየ አትቀበል። አሮጌውን ከዘይት ማጠራቀሚያው ጎድጓዳ በሲሪንጅ ምጠጥና አዲሱን ሙላ። ከዚያ ከማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ የሚገፋው፣ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚልከው ክፍል) ከራቀው ጎማ ጀምር፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። በየጎማው ፍሬን ላይ ያለው ማስተንፈሻ ብሎን ላይ ቀጭን ቱቦ ሰክተህ ጫፉን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከር። ረዳትህ ረግጦ ይያዝ፤ ብሎኑን ክፈት፣ ዝጋ፣ ከዚያ ይልቀቅ። ብሎኑ ሳይዘጋ እግሩን ካነሳ አየር ይስባል። አረፋ የሌለው ንጹሕ ዘይት እስኪመጣ ድገም፤ ጎድጓዳውም ባዶ እንዳይሆን እየጨመርክ። የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳ አይግባበት፣ የጎማ ማሸጊያዎቹን ያሳብጣል። ታምቡሮቹንም ሳታስከፍት አትመለስ፤ የኋላው ካልያዘ ሸክሙ ሁሉ የፊቱ ላይ ይወድቃል።

አነዳድህ ላይ፣ ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ፤ ሊማሊሞ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ነው። ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር አስገባ። እግርህን ፔዳሉ ላይ አስደግፈህ አትውረድ፦ ፍጥነቱ ሲጨምር ጠንከር አድርገህ ለ3 ሰከንድ ያህል ያዝ፣ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቀንስ፣ ፈጽመህ ልቀቅ። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ መውረድ እንግዶችህን ለአደጋ መስጠት ነው። ከሸተተህ ቁም፤ የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አታፍስስ፣ ይጣመማል። የጋለ ታምቡር ላይ የእጅ ፍሬን አትሳብ፤ አንደኛ ማርሽ አስገባና ጎማው ሥር ድንጋይ አድርግ። ስትነሳ ድንጋዩን ከመንገድ አንሳ፣ እባክህ፤ ማታ የሚመጣው ሰው አያየውም።

ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ነው፤ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳር በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ ሰርቮው የሚሰጥህ እገዛም ይቀንሳል፣ ፔዳሉ ትንሽ ይከብድሃል። ሞተሩም ጉልበት ያጣል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ለዚህ ብለህ የናፍታ ፓምፑን አታስነካ። ሰርቮውን ግን ከመነሳትህ በፊት ፈትን፦ ሞተር አጥፍተህ ፔዳሉ እስኪጠነክር ርገጥ፣ እግርህን ሳታነሳ ሞተሩን አስነሳ። ፔዳሉ ትንሽ መውረድ አለበት። ካልወረደ ቫኩም ፓምፑን (ለሰርቮው አየር የሚስበውን)፣ ቱቦውንና ሰርቮውን ሳታስፈትሽ ከከተማ አትውጣ።