የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ሲባል

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ከደብረ ማርቆስ ነው የምጽፈው። ከአንድ ሱቅ የገዛሁት የእጅ ስልክ በአራተኛው ቀን ቻርጅ ማድረግ አቆመ፤ ሻጩ ግን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን የግድግዳ ጽሑፍ አሳየኝ። ጉዳዩን በፌስቡክ ሳነሣው የማላውቃቸው ሰዎች ገሚሶቹ «ጽሑፉን አይተህ ስለገዛህ መብት የለህም»፣ ገሚሶቹ «ፎቶግራፉን ለጥፈህ አዋርደው» አሉኝ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱንም አይስሙ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ሕግ የሰጠውን መብት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ያስቀረዋል ብዬ አላምንም። ስለዚህ ቀኑ ሳያልፍ ደረሰኝዎን ይዘው ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ እምቢ ካለዎት ለከተማው የንግድ ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ።

የፎቶግራፉ ምክር ግን በጣም ያሳስበኛል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሰውን ክብር ወይም መልካም ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍም ሆነ ምስል ማሰራጨትን ስለሚያስቀጣ፣ ተበዳይ ሆነው ሳለ ተከሳሽ ሊሆኑ ይችላሉ።

ከማያውቁት ሰው ጋር መከራከር በራሱ ነውር የለበትም፤ በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ተማሪው የተቀኘውን ምስጢር ሲጠየቅ እንደሚፈታ ሁሉ፣ «መብት የለህም» ያለዎትንም ሰው «የትኛው አዋጅ፣ የትኛው አንቀጽ?» ብለው በትሕትና ይጠይቁት።