አገር ቤት ለመዳር ላሰባችሁ፦ ገንዘቡ የሚያልቀው የት ላይ ነው?

ሰርጋችሁን አገር ቤት ለማድረግ የወሰናችሁ ሁሉ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። እናትና አባት ቆመው ሲመርቁ ከማየት የሚበልጥ ነገር የለም፤ ከዋሽንግተን፣ ከፍራንክፈርት ወይም ከዱባይ ያን ሁሉ መንገድ የሚያስኬደውም እሱ ነው። የእህትና የወንድም ልጆችን፣ የወዳጅ ልጆችን ሰርግ አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ ሆኜ ሳግዝ ኖሬያለሁ። ወጣቶች በሁለት ሥራ ለዓመታት ያጠራቀሙትን በአንድ ቅዳሜና እሑድ ጨርሰው ትዳራቸውን በዕዳ ሲጀምሩ ማየት ያሳዝነኛል። ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ገንዘቡ የሚሄደው ሰርጉን ባሳመረው ነገር ላይ አለመሆኑ ነው። የሚበላው በስልክ በተወሰነው፣ በችኮላ በተከፈለውና "ዲያስፖራ ነው፣ አይከብደውም" ተብሎ በተጨመረው ዋጋ ነው።

ከቀኑ እንጀምር። ጥር የሰርግ ወር ነው። ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ ባለችው አጭር ጊዜ አገሩ ሁሉ ይዳራል። አዳራሹ፣ ዲኮሩ፣ ካሜራው፣ ወጥ ሠሪዋ ሳትቀር በሽሚያ ትያዛለች። ለገናና ለጥምቀት የሚገባው የእኛው ሰው ደግሞ የአውሮፕላኑን ትኬት ሰማይ ያደርሰዋል። ከቻላችሁ ጥቅምትን አስቡት። ፍልሰታ በነሐሴ አጋማሽ ይፈታል፣ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ ለቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ክፍት ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ ሜዳው ገና አልደረቀም፣ ባለ አዳራሹም ቁጭ ብሎ ይደራደራል። ከዓረብ አገር በአሠሪ ፈቃድ የምትወጡ እህቶቼ ወሩን መምረጥ ላይቻላችሁ ይችላል፤ ቢያንስ ግን ከፋሲካና ከዒድ ሳምንት ሽሹ። በሬው፣ ዶሮው፣ ቅቤውና ሽንኩርቱ የሚወደደው ያኔ ነው።

ቀኑን ስትይዙ በውሉ ላይ በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር አስጽፉት። ጥር 18 እና ጃንዋሪ 18 ከሳምንት በላይ ይራራቃሉ፤ በዚህ ምክንያት ቀብድ ሲቀልጥ አይቻለሁ። ሰዓቱም እንደዚሁ "ከቀኑ 6 ሰዓት" ተብሎ በግልጽ ይጻፍ።

ሆቴል የምትመርጡ ከሆነ የሚላክላችሁን የዋጋ ማቅረቢያ እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡ። "በሰው ይህን ያህል ብር" ከሚለው አጠገብ ሁለት የመደመር ምልክቶች ከተቀመጡ፣ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ ቫት ገና ይጨመርበታል ማለት ነው። ቫቱ የሚሰላው በአገልግሎት ክፍያው ላይ ጭምር ስለሆነ ጠቅላላ ጭማሪው 26.5 በመቶ ይደርሳል። ለምሳሌ በሰው 2,000 ብር የተባለው ምግብ 2,530 ይሆናል፤ ለ400 እንግዳ ልዩነቱ 212,000 ብር ነው። ይህን ያህል ገንዘብ በሁለት ትንንሽ ምልክቶች ውስጥ ተደብቆ ይገባል! ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ዋጋው የመጨረሻ ነው ወይ? ከውጭ ለሚገባ መጠጥ በየጠርሙሱ ያስከፍላሉ ወይ? እንግዳው ቢያንስም እንኳ የሚከፈልበት ትንሹ የሰው ቁጥር ስንት ነው? መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ አዳራሹን ሙሉ ያበራል ወይ? ለሙሽሮች የሚሰጥ ክፍል አለ ወይ? ብዙ ሆቴሎች የሙሽሮቹን የመጀመሪያ ሌሊት በነፃ ይሰጣሉ፤ ካልጠየቃችሁ ግን አይነግሯችሁም።

ትልቁ ወጪ የሰው ቁጥር ነው፤ ጠብ የሚነሳውም በእሱ ነው። የጥሪ ካርዳችን "ከነቤተሰብዎ" ይላል፤ እንደ ውጭ አገር "እመጣለሁ፣ አልመጣም" ብሎ የሚመልስ እንግዳ አትጠብቁ። እናታችሁንም "ሰው ቀንሺ" እያላችሁ አታስጨንቋት። እሷ የጎረቤቱን ሰርግ ስትበላ፣ ለቅሶውን ስትደርስ የኖረች ናት፤ ብድሯን የምትመልሰው በእናንተ ሰርግ ነው። እኔ የምመክረው ሰዉን መቀነስ ሳይሆን ቦታውን መለየት ነው። ሰፈሩ፣ እድሩ፣ ማኅበሩና የሩቅ ዘመዱ በወላጆቻችሁ ቤት፣ በድንኳን ይብላ። አዳራሹ ለቅርብ ቤተሰብ፣ ለሚዜዎችና ከውጭ ለመጡ ወዳጆች ይሁን፤ ከ100 ሰው ባይበልጥ መልካም ነው።

የእድሩን ነገር አቅልላችሁ አትዩት። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ትልልቁ ብረት ድስት፣ ሳህንና ብርጭቆው በእድሩ ግምጃ ቤት ተቀምጧል፤ አባል የሆነ ቤተሰብ በነፃ ወይም በትንሽ ኪራይ ይወስደዋል። እናታችሁ ወርኃዊ መዋጮዋን ሳታስታጉል ስትከፍል የኖረችው ለዚህም ቀን ነው። ቤተሰባችሁ ኮንዶሚኒየም ከሆነ የግቢውን የጋራ መገልገያ ቤት ቀደም ብላችሁ አስመዝግቡ፤ ለድግስ ተብሎ የተሠራ ነውና ማብሰያና ማረጃ ቦታ አለው። ለጠጁ ማርና ጌሾ፣ ለወጡ በርበሬና ቅቤ ከወራት በፊት፣ ገበያው ረከስ ሲል እንዲገዛ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ላኩ። ዋዜማው ላይ ጎረቤቱ ቢላዋውን ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ሽንኩርት ይልጣል፣ አንዱ ሥጋ ይዘለዝላል፣ ከበሮው እዚያው ይመታል። ሆቴል የትኛውንም ያህል ብትከፍሉት ይህን አያቀርብላችሁም። ስለዚህ ድንኳኑን የድሃ ምርጫ አድርገው የሚያዩትን አትስሟቸው፤ ከውጭ የመጡ እንግዶቻችሁ አገራቸው ተመልሰው የሚያወሩት ስለ ድንኳኑ ነው።

መልስና ቅልቅልም ሁለት ድግስ መሆን የለባቸውም። ሁለቱ ቤተሰቦች ከተስማሙ በአንድ ቀን፣ በአንድ ድንኳን ይደረጋሉ፤ አሁን ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ሐሳቡን ግን እናንተ በስልክ አታንሱት፤ ሽማግሌዎቹ ያንሱት።

ስለ ልብስ ብዙ አልልም። ቬሎውንና ሱፉን ውጭ በቅናሽ ካገኛችሁ ይዛችሁ ግቡ። የሐበሻ ልብሱን ግን ውጭ ካሉ ሱቆች አትግዙ፤ ሽሮ ሜዳ ሄዶ ጥለቱን የሚመርጥ፣ ፈትሉን በእጁ የሚዳስስ ዘመድ ላኩና ሁለትና ሦስት ወር ቀድማችሁ አሠሩ። በጥር ሸማኔውም ሰፊውም ፋታ የላቸውም፤ የችኮላ ዋጋ ይጠይቃሉ። ካባ ለአንድ ቀን ነው፣ ይከራያል።

ገንዘቡን እንዴት እንደምትልኩም አስቡበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ብዙዎች "በቃ ሁሉ ነገር ረከሰልን" ብለው ነበር፤ ነገር ግን ዊስኪው፣ የዲኮር ዕቃውና ሌላው ከውጭ የሚገባ ሁሉ አብሮ ወጣ። ስለዚህ በብር ተዋዋሉ፣ ዋጋው እስከ ሰርጉ ቀን የማይለወጥ መሆኑን አስጽፉ፣ ክፍያውንም በሦስት ከፋፍሉት፤ የመጨረሻው ከሥራው በኋላ ይሁን። ዶላራችሁን በአንድ ጊዜ አትመንዝሩ፤ ክፍያው ሲደርስ በባንክ ላኩ፣ ደረሰኙንም ያዙ። ገንዘቡም በአንድ ሰው እጅ ይሁን። ለአክስት፣ ለአጎትና ለጓደኛ የተበታተነ ገንዘብ ማንም ሳይሰርቀው ያልቃል። የመረጣችሁት ሰው በደብተር ይመዝግብ፤ እናንተም የታክሲውንና የስልኩን ወጪ ሸፍኑለት፣ ከድካሙ የሚመጥን ስጦታም አስቡለት። ዘመድ ነው ተብሎ በነፃ የሚለፋ ሰው ልቡ ይቀየማል፤ እውነቱም አለው።

እንግዶቻችሁ ከ10 በላይ ሆነው አብረው የሚበሩ ከሆነ አየር መንገዱን የቡድን ዋጋ ጠይቁት። ከሰርጉ በኋላ ላሊበላን፣ ጎንደርን ወይም አርባ ምንጭን ማየት የሚፈልጉም በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከገቡ የአገር ውስጡን በረራ በቅናሽ ያገኛሉ፤ ከመነሳታቸው በፊት ይህን ንገሯቸው። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለው ቪዛ አያስፈልገውም፤ ለሌሎቹ በኢንተርኔት ማመልከት ይበቃል፣ በደላላ በኩል አይሂዱ።

በመጨረሻ የማነሳው ወረቀት ነው፤ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ብትጋቡም ጋብቻው በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። ለዚህ ደግሞ ከምትኖሩበት አገር የሚወጣ ያላገባ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ በኤምባሲ በኩል ተረጋግጦ መምጣት አለበት፣ ጊዜም ይወስዳል። ቢያንስ ሦስት ወር ቀድማችሁ ጀምሩት፤ ዋናውን በእጅ ሻንጣ ያዙት እንጂ ከተላከ ጓዝ ጋር አታስገቡት። የጋብቻው ምስክር ወረቀት ሳይወጣ የተመለሰ ሙሽራ ለትዳር ጓደኛው ቪዛ መጀመር ስለማይችል፣ ለዚያች አንዲት ወረቀት ብሎ ሁለተኛ ትኬት ይቆርጣል።